ማስተካከያ፦ የአምቦ–ወንጪ–ወሊሶ የመኪና ጉዞ

ቀደም ሲል ባወጣነው የጉዞ መመሪያ የወንጪ ሐይቅ 3380 ሜትር ከፍታ ላይ እንደሚገኝ ጽፈን ነበር። ተሳስተናል፤ ይቅርታ እንጠይቃለን። ቁጥሩ የተራራው አፋፍ ከፍታ ነው፤ ውሃው ያለው 2900 ሜትር ገደማ ላይ ነው።

ልዩነቱ ለሹፌር ቀላል አይደለም። ከአፋፉ እስከ ውሃው ያለው ቁልቁለት ብርቱ ነው። ፍሬን እየረገጡ ብቻ ከወረዱ ሸራው ይግላል፣ የመቃጠል ሽታ ይመጣል፣ ፔዳሉም መያዙን እየተወ ይሄዳል። ስለዚህ ቁልቁለቱን ከመጀመርዎ በፊት ሁለተኛ ወይም አንደኛ ማርሽ ያስገቡ፤ አውቶማቲክ ከሆነ ዝቅተኛው ማርሽ ላይ ያድርጉት። ሽታው ከመጣ ደልዳላ ቦታ ቆመው ይጠብቁ። ውሃ ግን አይድፉበት፤ የጋለ ዲስክ በድንገት ሲቀዘቅዝ ሊሰነጠቅ ይችላል።

የደንዲን ሐይቅም «በዚያው መንገድ የሚታይ» ማለታችን ልክ አይደለም። የስምንት ቁጥር ቅርጽ ያለው፣ በራሱ እሳተ ገሞራ ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ሌላ ሐይቅ ነው፤ ለብቻው ቀን ይያዙለት።

የወንጪ ቂርቆስ ገዳም በወንጪ ሐይቅ ደሴት ላይ ስለሆነ በጀልባ ይሻገራሉ። ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ ሲሄዱ ሆለታ፣ አዲስ ዓለም፣ ጊንጪ እያሉ የሚቆሙባቸው ቦታዎች እንደነበሩ ናቸው። ነዳጅ አምቦ ላይ ይሙሉ።