አገጫችን ተርፏል

የሚመሰገን ሲመሰገን ደስ ይለኛል። በኮሮና ጊዜ ስለ ሐኪሙ፣ ስለ ነርሷ፣ ስለ አምቡላንስ ሾፌሩ ብዙ ተባለ፤ ሲያንሳቸው ነው። ያንን ሁሉ ወር በጨርቅ ተሸፍኖ፣ ለአንድ ቀን እንኳ ለቫይረሱ ሳይጋለጥ የከረመውን የአካል ክፍላችንን ግን እስከ ዛሬ ያነሣው የለም። አገጫችንን ማለቴ ነው። ሚሊኒየም አዳራሽ የኮሮና ሕክምና ማዕከል ሆኖ በቆየበት ጊዜ ሁሉ፣ አገጩን ታሞ የገባ አንድ አዲስ አበቤ አልተሰማም። ዛሬ የዚህን ድል ባለቤት ላመሰግን ነው፤ ራሳችንን።

ነገሩን ከሥሩ እናንሣው። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቡርኪና ፋሶ በመጣ አንድ የ48 ዓመት ጃፓናዊ ላይ ቫይረሱ መገኘቱ ተነገረ። ወዲያው እንግዳ ተቀባይነታችን ተቀሰቀሰ። መልኩ ከእኛ ለየት ያለ ሰው በመንገድ ሲያልፍ፣ ስሙን ለመጠየቅ እንኳ ሳንቸገር «ኮሮና! ኮሮና!» ብለን ተቀበልነው። ታክሲ ውስጥ ሲገባ ወርደን ቦታ ለቀቅንለት። አቀባበላችን ከመድመቁ የተነሣ የአሜሪካ ኤምባሲ ለዜጎቹ የጥንቃቄ መልእክት እስከ ማውጣት ደረሰ፤ ተጠንቀቁ የተባሉት ደግሞ ከቫይረሱ ሳይሆን ከእኛ ነበር።

መጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። ዝርዝሩ ሲወጣ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ክልክል፣ መጨባበጥ ክልክል፣ ሕዝብ በሚበዛበት ቦታ አፍና አፍንጫን ሳይሸፍኑ መገኘት ክልክል ሆነ። ቅጣቱ እስከ ሦስት ዓመት እስራት፣ ወይም ከ1,000 እስከ 200,000 ብር። እንዲህ ያለ ሕግ ሲወጣበት ፈረንጅ ሁለት መንገድ ብቻ ነው የሚያውቀው፤ ወይ ይታዘዛል፣ ወይ በርሊን ላይ እንዳየነው ሰልፍ ይወጣል። ሁለቱም አድካሚ ናቸው። የእኛ ሰው ሦስተኛውን ቀየሰ። በሕጉ ላይ አላመፀም፣ ማስኩንም አላወለቀም። አራት ጣት ያህል ዝቅ አደረገው፣ በቃ። ፖሊሱ ጨርቁን አየ፣ ሰውየው አየሩን ሳበ፣ አዋጁም ተከበረ።

የዚህ ጥበብ ረቂቅነት የሚገባችሁ ግን ማስኩ መቼ እንደሚወጣና መቼ እንደሚወርድ ስታዩ ነው። ብቻውን መኪና ሲነዳ እስከ ዓይኑ ድረስ ይሸፍናል። አፉን ዘግቶ ወረፋ ሲጠብቅ ይሸፍናል። ሊናገር ሲል ግን ያወርዳል፤ ሰውን በጨርቅ ውስጥ ሆኖ ማናገር ነውር ነዋ! ስልክ ሲደወልለት ያወርዳል፣ ትንፋሹ ለደዋዩ እንዲደርስ። ማስነጠስ ሲመጣበትማ በጥድፊያ ነው የሚያወርደው፣ ማስኩ እንዳይበላሽ። በገንዘብ የተገዛ ዕቃ ነው፤ ገና ሁለት ወር የሚያገለግል።

ባንክ ቤት ይህ ሥርዓት በቅጡ ሲፈጸም አይቻለሁ። ዘበኛው በር ላይ «ያለ ማስክ አይገባም» ይላል። ከአገጭ ከፍ ተደርጎ ይገባል። መስኮቱ ጋ ሲደረስ ገንዘብ ተቀባይዋ፣ የራሷ ማስክ ጉሮሮዋ ላይ እንዳለ፣ «አልሰማሁዎትም፣ እስቲ ዝቅ ያድርጉት» ትላለች። ዝቅ ይደረጋል። ሙቀት መለኪያውንማ አታንሡብኝ። ግንባር ላይ ይደገንና 32 ነጥብ 4 ያነባል። የ32 ዲግሪ ሰው ሐኪም ፊት ቢቀርብ ብርድ ልብስና ግሉኮስ ይታዘዝለት ነበር፤ የእኛ ዘበኛ ግን ቁጥሩን ዓይቶ «ሰላም ነው፣ ይለፉ» ይላል። ከሙቀቱ በላይ የሆነውን ለመያዝ የተቀጠረ ሰው፣ ከሕይወት በታች የሆነውን ለመያዝ መመሪያ አልተሰጠውም።

ታክሲውም ከዚህ አያንስም። የሚጫነው ሰው በግማሽ ሲቀንስ ታሪፉ እጥፍ ሆነ። ሒሳቡ ልክ ነው፤ ስድስቱ የአሥራ ሁለቱን ይከፍላሉ። ውሎ ሲያድር አመሻሽ ላይ አሥራ ሁለቱም መግባት ጀመሩ፤ ታሪፉ ግን ርቀቱን እንደጠበቀ ቀረ። በአገሪቱ ውስጥ ርቀቱን በታማኝነት የጠበቀ ነገር ቢኖር እሱ ነው። መንገድ ላይ ረዳቱ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ማስክ! ማስክ! ትራፊክ አለ!» ሲል የተሳፋሪው እጅ ሁሉ አንድ ላይ ወደ አገጭ ይሄዳል። ትራፊኩ ሲታለፍ ሁሉም ዝቅ ይላል፣ ክርክሩም ከቆመበት ይቀጥላል። ማስክ ያልያዘ ቢኖር መስተዋቱ ላይ የተንጠለጠለው የጋራ ማስክ ለትራፊኩ ያህል ይሰጠዋል፤ ሲወርድ መልሶ ይሰቅላል። መተሳሰብ የሚባለው ይኸው ነው።

ክርክሩን ካነሣሁ አይቀር፣ ማስኩ የወረደው ለእሱ ሲባል ነውና፣ የሚገባውን ክብር ልስጠው። አገሪቱ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋችም። ትምህርት ቤት ተዘጋ፣ የየብስ ድንበር ተዘጋ፣ አውሮፕላኑ መብረሩን ቀጠለ። ጠዋት ካልወጣ ማታ የማይበላውን ሰው ቤትህ ግባ ማለት ምን ማለት እንደሆነ ከባድ ጥያቄ ነበር፤ እኔ እንደሚመስለኝ ዛሬም ሐቀኛ ሰው ቸኩሎ አይመልሰውም። የእኛ ተከራካሪዎች ግን አቦል ሳይወርድ መልሰውት ነበር። «ይዘጋ!» ባዩ አብዛኛውን ጊዜ ደመወዙ ወር ጠብቆ የሚገባለት፣ ፍሪጁም የማይጎድል ነው። «መንግሥት ምን ይጠብቃል? አሁኑኑ ይዘጋ!» ብሎ ፌስቡክ ላይ ይለጥፍና ጤፍና ዘይት ሊያከማች ሄዶ ሰው ላይ ይደረባል። «አይዘጋም!» ባዩ ደግሞ «ይኼ የፈረንጅ በሽታ ነው፤ እኛን ፀሐዩና በርበሬው ይጠብቀናል» ይላል፤ ኪሱ ቢፈተሽ ግን ሁለት ራስ ነጭ ሽንኩርት ይገኛል። ሁለቱ የሚሟገቱት ትከሻ ለትከሻ ተቀምጠው ነው። በቴሌቪዥን ሁለት የአዋቂ እርምጃ ተራራቁ ይባላል፤ የአበሻ ክርክር ግን በሁለት እርምጃ አይሆንም። ክንድ መያዝ፣ ጭን መታ ማድረግ፣ «ስማኝማ!» ማለት ይፈልጋል።

የዚያን ጊዜ የጤና ሚኒስትሯ ዶ/ር ሊያ ታደሰ በየዕለቱ «ባለፉት 24 ሰዓታት» እያሉ ቁጥር ያወጡ ነበር። ለዚህ ሕዝብ ቁጥር ማውጣት ምን ያህል ልፋት እንደሆነ የማውቀው የሰፈራችንን ጋሼዎች ሳዳምጥ ነው። ቁጥሩ ሲያንስ «እየደበቁን ነው»። ሲበዛ «እርዳታ ሊለምኑበት ነው»። ሳይበዛም ሳያንስም ሲቀር «አየህ፣ እንዳይታወቅባቸው መሐል ላይ አደረጉት»። እንዲህ ያለ ነቅቶ የሚጠብቅ ሕዝብ ያለው መንግሥት ስታቲስቲክስ ቢሮ አያስፈልገውም።

ስለ መድኃኒቱም ቢሆን ክርክር አላጣንም። ፌጦ፣ ዝንጅብል፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ሎሚ፣ ጤና አዳም በሳምንት ውስጥ የወርቅ ዋጋ አወጡ። ይኼኔ ነው የከተማው አስተዳደር አትክልት ተራ ተጨናነቀ፣ ሰው ይራራቅ ብሎ ገበያውን ወደ ጃን ሜዳ ያዛወረው። እኛም ውለታውን አልዘነጋንም። ከመጨናነቅ ከሚመጣው በሽታ የሚያድነውን ነጭ ሽንኩርት ለመግዛት ሄደን ሰፊውን ሜዳ አጨናነቅነው። ክረምቱ ሲገባ በጭቃው ላይ እየተደጋገፍን ጭምር። በ2013 ጥምቀት ሲቃረብ ገበያው ወደ ኃይሌ ጋርመንት ተነሣ እንጂ እኛ ጃን ሜዳን ለመልቀቅ አልቸኮልንም ነበር።

መሐል ላይ ነሐሴ 23 ቀን 2012 ሊካሄድ የነበረው ምርጫ በወረርሽኙ ምክንያት ተራዘመ። ያ ሁሉ የቫይረስ ተመራማሪ በአንድ ሌሊት የሕገ መንግሥት ሊቅ ሆኖ አደረ። ትናንት ስለ ሳንባ ሲያስረዳኝ የነበረ ሰው ጠዋት አንቀጽ ሲጠቅስ ማየት ያኮራል። ከጥቅምት 2013 በኋላ አገሪቱ የገባችበት ግን ሌላ ነገር ነው፤ እዚያ ላይ የምቀልድበት አንጀት የለኝም፤ ቫይረሱንም የረሳነው ስለጠፋ አልነበረም።

ክትባቱ የመጣው በዚያ መሐል ነው። የካቲት 28 ቀን 2013 ክትባትን ለድሃ አገሮች በሚያዳርሰው ዓለም አቀፍ ጥምረት በኮቫክስ በኩል 2.2 ሚሊዮን ዶዝ አስትራዜኒካ ቦሌ ደረሰ። የመጀመሪያው ሰው ከተገኘ ልክ ዓመቱ ሲሞላ፣ መጋቢት 4፣ ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ላይ ለጤና ባለሙያዎች መስጠት ተጀመረ። በዚያው ሰሞን ዴንማርክ፣ ቀጥሎም ጀርመንና ፈረንሳይ፣ የደም መርጋት ታየ ብለው ለጊዜው አቆሙት። ከቀናት በኋላ የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መርምሮ ጥቅሙ ከጉዳቱ ይበልጣል አለ፣ ብዙዎቹም መስጠት ቀጠሉ። የእኛ ተከራካሪ የመጀመሪያውን ዜና በቃሉ ያውቀዋል፤ ሁለተኛው ሲነበብ ቡና ሊጠጣ ወጥቶ ነበር። ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች የተባለላት ዶሮ ቢያንስ አንዴ ነው የታነቀችው።

«ውስጡ ምን እንዳለ የማላውቀውን ነገር ሰውነቴ ውስጥ አላስገባም» የሚለውን ሙግት እኔ በግሌ አከብረዋለሁ። የተናገረው ሰው ምሳውን ጄሶ ይቀላቀልበታል ከተባለ እንጀራ ጋር፣ ሸክላ ተፈጭቶ ይገባበታል ከተባለ በርበሬ ጋር፣ ሙዝ ተደባለቀበት ከተባለ ቅቤ ጋር በልቶ፣ በላዩ ስሙ ያልተጻፈበት ጠርሙስ ውስጥ ያለ አረቄ እየጠጣ ነበር። አቋም ማለት ይህ ነው። ከቨርጂኒያ የሚደውሉት ዘመዶቻችንም አልተኙም። እነሱ ሁለተኛውን ፋይዘር ተወግተው፣ ክንዳቸውን እያሹ፣ «እናንተ እንዳትሳሳቱ! እዚያ የሚልኩት ሌላ ነው» ብለው የድምፅ መልእክት ይልኩልናል። እኛም በአጸፋው ፌጦ እንልክላቸዋለን።

ሌላው ሙግት መንፈሳዊ ነበር። የአውሬው ምልክት ነው፣ ቺፕ አለበት፣ 666 ነው። ይህ ክርክር አገር ምድሩን ካዳረሰ በኋላ እንዴት እንደተፈታ ታውቃላችሁ? ጳጳስም ሼክም አልፈታውም። ዱባይ ነው የፈታው። ወደ ዓረብ አገር የሚሄድ ሰው የክትባት ካርድ ይጠየቃል ሲባል፣ ያ የመጨረሻውን ዘመን ሲያስጠነቅቀን የነበረ ወንድማችን ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ጤና ጣቢያ በር ላይ ተገኘ። በዚያ ላይ ምርጫ አለው፤ «ጆንሰኑ አለ? በአንዴ የሚያልቀው?» ይላል። ምልክቱን በሁለት ዙር መቀበል ከብዶት መሆን አለበት።

ገደቡን የማንሣት ክርክር ደግሞ እዚህ ጨርሶ አልተካሄደም፤ ለዚህም ምስጋና ይገባናል። እንግሊዞች ከተማከሩ፣ ካራዘሙ፣ እንደገና ከተማከሩ በኋላ ሐምሌ 12 ቀን 2013 የነጻነት ቀን ብለው ከፈቱ። እኛ ይህን ሁሉ ጣጣ ምን አመጣው? አዋጁ በ2012 ማብቂያ ላይ ጊዜው ሲያልቅ፣ ቀጥሎ የወጣው መመሪያ ስብሰባውንም ቀብሩንም ከ50 ሰው አይለፍ አለ። ድንኳን ውስጥ 300 ሰው ተቀምጦ ስለ መመሪያው ይወያይ ነበር። ሚያዝያ 27 ቀን 2015 ዶ/ር ቴድሮስ አድኃኖም ከጄኔቫ ሆነው ኮሮና ዓለም አቀፍ የጤና ስጋትነቱ አበቃ ብለው ሲያውጁ፣ ጀበናው ዙሪያ ከነበሩት አንዷ እትዬ «ነበረ እንዴ እስከ ዛሬ?» ብለው ስኳሩን አቀበሉኝ።

ነበረ። በይፋ የተመዘገበው ብቻ ከ7,500 በላይ ሰው ወስዶብናል፤ ሳይመረመር የሄደውን ማንም አልቆጠረው። ሁሉም አገጫቸው ደህና ነበር።

ተከራካሪዎቹም ደህና ናቸው፤ አንዳቸውም አልተሸነፉም። «ይዘጋ» ያሉት ጋሼ «እኔ ያኔ ብዬ ነበር» ይላሉ፣ «አይዘጋም» ያሉትም «እኔ ያኔ ብዬ ነበር» ይላሉ፣ ክትባት የተወጋውም ያልተወጋውም እንዲሁ ይላል። ባለፈው ሳምንት እነዚሁ ሁለት ጋሼዎች አንድ አግዳሚ ላይ ሆነው ይህንኑ ሲያነሡ አንደኛው ክፉኛ አሳላቸው። ከወዲያ ጥግ የተቀመጠ የማያውቁት ወጣት ቀጥሎ ሲያስል ሁለቱም ዞረው በጥርጣሬ ተመለከቱት፣ መሐረባቸውንም አወጡ። የጋሼን ሳል በተመለከተ ግን ስምምነት አለ፤ ጉንፋን ነው፣ ትናንት ብርድ መትቷቸው ነው።