በጥፍር ቀለም የተለየው ኩባያ

ወገኖቼ፣ የአንድ ኩባያ ነገር አልወጣልኝ ብሏል። ነጭ የቆርቆሮ ኩባያ ነው፤ መያዣው ላይ በቀይ የጥፍር ቀለም ምልክት ተደርጎበታል። ምልክቱን ያደረጉት በአንድ ዶርም የሚያድሩ አራት ተማሪዎች ናቸው። ኩባያው የአምስተኛዋ ነው።

ልጅቷ ዘወትር ማታ ሦስት ሰዓት ላይ አንዲት ክኒን ትውጣለች። ብልቃጡ ሲነሳ እንዳይንኳኳ ውስጡን በጥጥ ጠቅጥቃ፣ የተለጠፈበትን ወረቀት ልጣ፣ ካልሲ ውስጥ ትደብቀዋለች። አንዷ ካልሲ ልትዋስ ስትፈልግ አገኘችው። ከተላጠው ወረቀት የተረፉትን ፊደላት በስልኳ ፈለገች፣ የኤችአይቪ መድኃኒት መሆኑን ደረሰችበት፣ ፎቶ አነሳች። ፎቶው የክፍሉ ቴሌግራም ግሩፕ ላይ ለመድረስ ግማሽ ሰዓት አልፈጀበትም። በማግስቱ ኩባያው ተለየ፣ መታጠቢያው በበረኪና ተፈተገ፣ ፍራሿ ኮሪደር ላይ ተጣለ። “ቢምቢ እሷን ነክሳ እኛን ብትነክስስ?” ያለችው ደግሞ የባዮሎጂ ተማሪዋ ናት!

ቢምቢ ስትነክስ የምታስገባው ምራቋን ነው፤ የጠጣችውን የሰው ደም መልሳ አትረጭም። ኤችአይቪም ሆዷ ውስጥ ይፈጫል፣ አይራባም። ቫይረሱ የሚተላለፈው በደም፣ በዘር ፈሳሽ፣ በብልትና በፊንጢጣ ፈሳሽ፣ በእናት ጡት ወተት ነው። ኩባያ፣ ፎጣ፣ የሽንት ቤት መቀመጫ፣ መተቃቀፍ የሉበትም። በረኪናውን በከንቱ ጨረሳችሁት።

የሚያንገበግበው ሌላው ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ ራሷን የምታውቀው እሷ ብቻ ነበረች። መድኃኒቷን ሳታዛንፍ ስለምትወስድ በደሟ ያለው የቫይረስ መጠን በምርመራ አይታይም ነበር። የቫይረሱ መጠን በአንድ ሚሊ ሊትር ደም ከ200 ኮፒ (የቫይረስ ቅጂ) በታች ሆኖ የዘለቀለት ሰው በግብረ ሥጋ ግንኙነት ቫይረሱን ለሌላው አያስተላልፍም። እ.ኤ.አ. በ2016 እና በ2019 ውጤታቸው የወጣው የ“ፓርትነር” ጥናቶች ያለ ኮንዶም የሚገናኙ ጥንዶችን ተከታትለው፣ መድኃኒት ከሚወስደው ወገን ወደ ጓደኛው የተላለፈ አንድም ቫይረስ አላገኙም።

እናንተ ግን ካልሲዋን ገለጣችሁባት። መዋጫ ጥግ አጣች፣ ተወችው። ሦስት ሳምንት ሙሉ። ክኒኑ ቫይረሱን አስተኝቶ ይይዘዋል፤ ከሰውነት ነቅሎ አያወጣውም። ሲቋረጥ አብዛኛውን ጊዜ በሳምንታት ውስጥ እንደገና ይራባል። አንዳንዴ ወስዶ አንዳንዴ መተው ደግሞ ቫይረሱ መድኃኒቱን እንዲለማመድ ያደርገዋል። ከእሷ የሸሻችሁትን አደጋ ራሳችሁ ቀሰቀሳችሁት።

አራቱስ? አንዳቸውም ተመርምረው አያውቁም። “ጓደኛዬ ጂም ይሠራል፣ ፊቱም ያበራል” ትላለች አንዷ። ኤችአይቪ ያለ መድኃኒት እንኳ ለዓመታት ምንም ሳያሳይ ይቀመጣል፤ ፊት አያሳብቅም። ሌላዋ ደግሞ ካጠራጠራት ሌሊት በኋላ ፖስት ፒል ፍለጋ ትሮጣለች። እርግዝናን ፈርታ ነው፣ ኤችአይቪ ትዝም አላላትም። ከዚያች ሌሊት በኋላ ባሉት 72 ሰዓታት ውስጥ ጤና ተቋም ብትሄድ ለ28 ቀን የሚወሰድ የኤችአይቪ መከላከያ መድኃኒት እንዳለ ማን ነገራት? በቶሎ በተጀመረ ቁጥር ይሻላል፤ ከ72 ሰዓት ካለፈ አይሰጥም። በሳምንቱ ተመርምራ “ነፃ ነኝ” ብትልም ራሷን ታታልላለች። በጣት ደም የሚደረገው ፈጣን ምርመራ አዲስ የገባን ቫይረስ ለማየት እስከ ሦስት ወር ሊፈልግ ይችላል። ኮንዶሙን ቦርሳ ውስጥ ለወራት ሲሞቅ ያቆየው፣ ቫዝሊን የቀባው፣ ሁለት የደረበውም “ተጠንቅቄያለሁ” ባይ ነው። ሙቀትና ቅባት ላቴክሱን፣ ማለትም የኮንዶሙን ጎማ፣ ያዳክሙታል፤ የተደረቡት ሁለቱ ይፋተጉና ይቀደዳሉ።

ደግሞ እነሱን ብቻ ልውቀስ? እናስተምራለን የምንለው እኛ የራስ ቅል ሥለን “ኤድስ ይገድላል” ብለን ግድግዳ ላይ ለጠፍን። እ.ኤ.አ. በ1996 መድኃኒቶቹን አጣምሮ መስጠት ተጀምሮ የበሽታው ነገር ሲለወጥ ፖስተሩን የነቀለ አልነበረም። ልጆቹ ከእኛ የወረሱት ፍርሃቱን ነው። እውቀቱን በእጃችን ይዘን ቀረን። ይህን ስጽፍ አፍራለሁ።

ልጅቷ ወደ ክሊኒኩ ተመልሳለች። መድኃኒቷን እንደገና ጀምራለች፣ የቫይረስ መጠኗም ገና ይለካል። ባለፈው ቀጠሮዋ ከአራቱ አንዷ ተከትላት መጣች። ይቅርታ አልጠየቀችም። አግዳሚው ላይ ጎኗ ተቀምጣ ቆየችና ነርሷ ስትወጣ “እኔንም መርምሪኝ” አለች።

ሦስቱ እስከ ዛሬ አልመጡም። ክሊኒኩ ነገም ይከፈታል።