የማክናብ ኑዛዜ ለማን ነበር?

በብሪታንያ የግል ትምህርት ቤቶች ክፍያ ላይ ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ 20 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ ከተጣለ ወዲህ ለቅሶው አላባራም። እኔን ያንገበገበኝ ግን አንድ ሙግት ነው፤ «እነዚህ የበጎ አድራጎት ተቋማት ናቸው፤ የመቶ ዓመታት ቅርስ ላይ እንዴት ግብር ይጣላል?» ይሉናል የትምህርት ቤቶቹ ተሟጋቾች። ግብሩ የተጣለው በክፍያው ላይ እንጂ በቅርሱ ላይ አይደለም! ደግሞስ ታሪክ ከተነሣ፣ እስከ ሥሩ ይነሣ፤ ከእነዚህ ትምህርት ቤቶች አንዱን፣ ዶላር አካዳሚን እንይ።

በስኮትላንድ፣ ከኦኪል ኮረብታዎች ግርጌ፣ ዶላር የምትባል ትንሽ ከተማ አለች (ስሟ ከአሜሪካ ገንዘብ ጋር አይገናኝም)። የዚያች አጥቢያ ልጅ ጆን ማክናብ በድህነት አድጎ ባሕረኛ ሆነ፤ ለንደን ውስጥም በመርከብ ባለጸጋ ሆኖ በ1802 ሞተ። የሀብቱን ግማሽ ለተወለደበት አጥቢያ ድሆች ተናዘዘ። ገንዘቡ የድሆች መጦሪያ ይሥራበት ወይስ ትምህርት ቤት በሚለው ለዓመታት ተሟገቱ። በመጨረሻ ትምህርት ቤት ይሁን ያለው የአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ የአንድሩ ሚልን ወገን ረታና ዶላር አካዳሚ በ1818 ተከፈተ። አምዳማውን ሕንጻ የነደፈው ዊልያም ፕሌይፌር ነው። ወንድና ሴት ልጅ አብረው የተማሩበት፣ የድሃ ልጅም ሳይከፍል የገባበት ነበር። ይህን ማንም አይወስድባቸውም።

ኑዛዜ ግን አደራ ነው። ሟች ተነሥቶ አይከራከር፤ ቃሉን የሚጠብቅለት ሕያው ነው። ማክናብ «ለድሆች» ያለው ዛሬ ወላጅ በየዓመቱ በሺህ የሚቆጠር ፓውንድ ካልከፈለ በሩ የማይከፈት ትምህርት ቤት ሆኗል። ነጻ የትምህርት ዕድል አለ ይሉኛል። አለ። ግን የአደራው ባለቤት የሆነው ድሃ በራሱ ቤት ልመና እንዲጽፍ፣ ተመርምሮም እንዲገባ መደረጉ እኔን አያሳምነኝም። ለድሃው የተተወው ርስት ለድሃው በችሮታ መልክ ሲመለስለት፣ አመስግን መባሉ ደግሞ የባሰ ነው።

ገንዘቡስ ከየት መጣ? የማክናብ ሀብት ከባሪያ ንግድ መርከቦች ጋር እንደሚነካካ የታሪክ መዛግብት አሳይተዋል። በሰንሰለት ታስረው ከአፍሪካ የተጫኑ ሰዎች በዚያ ሕንጻ ድንጋይ ውስጥ ድርሻ አላቸው። እንዲህ ያለ ገንዘብ ቢያንስ ለተገፋ ሰው ይዋል ማለት ምን ያስቆጣል? ታሪካችን ክቡር ነው የሚል ሰው ይህን ገጽ ዘሎ ማንበብ አይችልም።

የማክናብ አመድ በዋናው ሕንጻ የነሐስ በሮች በላይ፣ በግድግዳው ውስጥ ተቀብሯል፤ ተማሪዎቹ ከሥሩ ይገባሉ ይወጣሉ። ስለ ታክስ የሚያለቅሱት ሁሉ በቅድሚያ ይህን ይንገሩን፦ ዘንድሮ በዚያ በር ከዶላር አጥቢያ ስንት የድሃ ልጅ ሳይከፍል ገባ?