ግራ እግራቸውን ጡረታ ላወጡ ጠቢባን

ሰሞኑን በየስልኩ የሚዞረውን መቼም አይታችኋል። ቪዲዮው ሁሉ አንድ ነው፤ የሚለየው የወንበሩ ልብስ ብቻ። አንድ እጅ መሪ ላይ፣ አንድ እጅ ማርሽ ላይ፣ ግራ እግር ደግሞ ተጣጥፎ እንደ ክቡር እንግዳ ወንበሩ ላይ ጉብ ብሏል። ካሜራውን የያዘው ጎኑ ያለው አድናቂ ነው፤ ማርሹ በገባ ቁጥር “ወይ ጉድ!” ይላል። “ፍሪሲዮን ለጀማሪ ነው” ይላል ሊቁም በበኩሉ።

እሰይ! አበጀህ! መኪና ሠሪዎቹ ከሦስቱ ፔዳል አንዱ፣ በግራ እግር ተረግጦ ሞተሩን ከማርሹ የሚለየው ፍሪሲዮን፣ ለጌጥ መሆኑን የሚነግራቸው አጥተው ስንት ዘመን በከንቱ ደከሙ።

ጥበቡ እንዲህ ነው። በሦስተኛ ማርሽ ሞተሩ በደቂቃ 3000 ዙር ላይ ሳለ ነዳጁን ለቀቅ ያደርጋል። ጥርሶቹ ላይ ያለው ጫና ሲነሳ ማርሹ በሁለት ጣት ይወጣል፤ ዜሮ ላይ፣ ማለትም ምንም ማርሽ ሳይገባ፣ ያቆየዋል። የካምቢዮው (የማርሽ ሳጥኑ) መውጫ ዘንግ አንዴ ሲዞር ሞተሩ በሦስተኛ 1.3፣ በአራተኛ 1.0 ጊዜ የሚዞር ከሆነ፣ ሞተሩ 2300 ገደማ እስኪደርስ ጠብቆ ገፋ ያደርገዋል፤ ሳይታገል ይገባል። ወደ ታች ሲሆን ግልባጩ ነው፦ ዜሮ ላይ አውጥቶ፣ ነዳጅ ቸብ አድርጎ፣ 2300ውን ወደ 3000 ማድረስ። በጥቂቱ ቢስት ሲንክሮው፣ ማርሽ ሲገባ ፍጥነቱን የሚያስተካክለው ቀለበት፣ ይሸፍንለታል። በብዙ ከሳተ ጥርስ ሲፋጭ ሰፈር ይሰማል።

ሐቁን ለመናገር ነገሩ ሙያ ነው። ሲንክሮ የሌለው ካምቢዮ ያለው ከባድ መኪና የሚነዱ ሾፌሮች ከመነሻና ከመቆሚያ በቀር ፍሪሲዮን ሳይረግጡ ውለው ይገባሉ። የፍሪሲዮን ገመዱ መንገድ ላይ የተበጠሰበት ሰውም ሞተሩን አጥፍቶ፣ አንደኛ አስገብቶ፣ ቁልፉን አዙሮ በሞተር አስነሺው በሞተሪኖው ጉልበት ይነሳና እስከ ጋራዥ ይደርሳል። የኛው ጀግና ግን ገመዱ ደህና ነው። የተበጠሰው ሌላ ነገር ነው።

“ፍሪሲዮን ላለመጨረስ ነዋ!”

አዎ፣ የበሩ ማጠፊያ እንዳያልቅበት በመስኮት እንደሚገባው ሰውዬ። መጀመሪያ መስታወቱ ይሄዳል፤ ይሂድ። ቀጥሎ ክፈፉ ይነቀላል። ሚስቱ በመስኮት፣ ልጆቹ በመስኮት፣ አማቱም ሲመጡ በወንበር ተደግፈው በመስኮት። ሶፋ ሲገዛ ግድግዳው ይፈርስለታል። ዝናቡ በፈረሰው በኩል ይገባል፤ እሱም ቁጥብ ነው፣ በበሩ አልመጣም። በመጨረሻ ጣሪያው ወርዶ በሩ ብቻውን ሜዳ ላይ ከነማጠፊያው ቀጥ ብሎ ይቆማል። “ዓይናችሁን ጣሉበት፣ ቅባቱ እንኳ አልደረቀም!” ይላል ሰውዬው። እስቲ ክፈተው ቢሉት ግን አይከፍተውም። ያልቃላ!

ፍሪሲዮን ሲረገጥ ሲንክሮው ፍጥነቱን የሚያስተካክለው የፍሪሲዮኑን ዲስክና የካምቢዮውን መግቢያ ዘንግ ከነተያያዙት ጥርሶች ብቻ ነው። ካልተረገጠ ግን ያቺ ቀጭን የነሐስ ቀለበት ሞተሩን ከነቮላኖው (አብሮት ከሚዞረው ከባድ የብረት ክብ ጋር) ጎትታ ማዘግየት ወይም ማፍጠን አለባት። ትችላለች፤ ጥቂት ጊዜ። ከዚያ ጠዋት ዘይቱ ሳይሞቅ ሁለተኛ ማርሽ ጥርሱን ማፋጨት ይጀምራል። ሲውል ሲያድር ሙቀትም አያድነውም። የመቆለፊያዎቹ ጥርሶች ጫፍ ይዶለዱምና፣ ነዳጅ በተለቀቀ ቁጥር ማርሹ ራሱ ተፈናጥሮ ይወጣል። ዘይቱ ሲገለበጥ የመዝጊያው ማግኔት ላይ የሚለጠፈው የብረት ብናኝ ነው፤ ዘይቱ ውስጥ የሚያብለጨልጨውን ግን ማግኔት አይስበውም፤ ነሐስ ነው። ሊቁ ወርቅ አገኘ ማለት ነው።

የፍሪሲዮን ዲስክና ኩሽኔታ ለመቀየር ካምቢዮው ወርዶ ይመለሳል። ሲንክሮ ለመቀየር ግን ከወረደ በኋላ ይከፈታል፣ ዘንጎቹ ይወጣሉ፣ ጥርሶቹ በፕሬስ ይላቀቃሉ። ቁጠባ ማለት ይህ ነው!

ይኸን ሁሉ ብቻውን፣ ባዶ ሜዳ ላይ ቢያደርገው ባልተናገርን። የሚያሳየው ግን ሰው ጭኖ ነው፤ ቁልቁለት ላይ! ዙሩን ከሳተ ማርሹ እምቢ ይላል። መኪናው ዜሮ ላይ ነው፣ ሞተሩ አይዝለትም፣ ክብደቱ በሙሉ ፍሬኑ ላይ ወድቋል፤ ፍሬን ሲግል ደግሞ መያዙን ይተዋል። የሾፌሩ ዓይን የት ነው? ዙር መቁጠሪያው ላይ። ይህ ጥበብ አይደለም፣ ነውር ነው። ከኋላ ልጇን ታቅፋ የተቀመጠችው ሴት ለማንም ቪዲዮ ማሟያ አልተሳፈረችም።

ደግሞ ጨዋዎችም አሉ፣ መቼም አይካድም። በገዛ መኪናቸው አይለማመዱም፤ ከጓደኛ ይዋሳሉ። ማምሻውን ነዳጁን ሞልተው፣ መስታወቱን ወልውለው፣ ቁልፉን በሁለት እጅ ሲመልሱ “ፍሪሲዮንህን አልነካሁብህም” ይላሉ።

እውነታቸውን ነው።