ቁጭ ብሎ ሰቃይ

በእኛ ሰፈር ሰው ሳይሰበሰብብህ የምትሠራው ሥራ እንቅልፍ ብቻ ነው። እሱም ቀን ከሆነ "ምነው፣ አመመህ እንዴ?" ባይ አይጠፋም። በር ላይ መኪና አቁሞ ጎማ መፍታትማ ነጋሪት እንደ ማስጎሰም ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ዝናቡ ጋብ ሲል የፊት ፍሬን ሸራ ልቀይር ወጣሁ። ፍሬን ስይዝ ሲጢጥ ማለት ከጀመረ ሰንብቷል። ብዙ ሸራዎች ላይ ትንሽ የብረት ምላስ አለች። ሸራው ሲሳሳ ከጎማው ጋር የሚዞረውን ዲስክ እየነካች ትጮኻለች። ዝም ካልካት ብረት ከብረት ይፋጫል። ያኔ ከሸራ ዋጋ ወደ ዲስክ ዋጋ ትሸጋገራለህ።

ገና ብሎኖቹን ሳላላ ሐጂ ደረሱ። ጡረታ የወጡ የኤንትሬ ጭነት መኪና ሾፌር ናቸው። የመጡት በርጩማቸውን ይዘው ነው። ከአንድ ግንድ የተፈለፈለች፣ ባለ ሦስት እግር፣ የጅማ በርጩማ። ሦስት እግር ያለው ነገር አባጣ ጎርባጣ ላይ አይንገዳገድም። ሰውየው ለረጅም ቆይታ መዘጋጀታቸው ገባኝ።

"ልጄ፣ እኛ ቡና ጭነን ጊቤን ስንወርድ በፍሬን አይደለም፣ በማርሽ ነው።"

እውነታቸውን ነው። ያን የመሰለ ቁልቁለት ፍሬን እየረገጡ ከወረዱት ሸራው ይግላል፤ የጋለ ሸራ ደግሞ አይዝም። ግን ሐጂ፣ የእኔ መኪና እኮ ክሪክ ላይ ናት!

ቀጥሎ የባጃጅ ሾፌር ቆመ። በሦስት ጎማ እየኖረ ስለ አራቱ ይመክራል። ከዚያ አንድ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ስልኩን አውጥቶ "ዩቲዩብ ላይ እንዲህ አይደለም የሚፈቱት" አለ። ከማዶ እትዬ መጡና "ምነው ልጄ፣ ጋራዥ አትወስደውም?" አሉ።

ጋራዥ ሲባል ደሜ ይፈላል። አንዱ ጋር አስገብቼ የአዲስ ሸራ ሒሳብ ከፈልኩ። ቤት መጥቼ ጎማውን ስፈታው ያው አሮጌው ሸራ ፊቱ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ ተቀምጧል። ተመልሼ ስጠይቅ "ኦሪጅናል ስለሆነ አዝነን ነው የተውንልህ" አሉኝ። ጭራሽ ውለታ!

ከዚህም የባሰ የሚያንገበግበኝ ግን የክሪኬ ነገር ነው። አንድ ጎረቤቴ "አምስት ደቂቃ" ብሎ ወስዶ ከርሞ መለሰው። እጀታ የለውም። "ስትሰጠኝም እንዲሁ ነበር" አለኝ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። ከዚያ ወዲህ የማዞረው በቁራጭ ፌሮ ነው። ታዲያ ቅዳሜ ዕለት ይኸው ሰው ከተመልካቾቹ መሀል ብቅ ብሎ ምን ቢል ጥሩ ነው? "ክሪክህ እኮ እጀታ የለውም። ለምን ሌላ አትገዛም?"

"ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ማውረድ ያቅታል" የሚል ተረት አለ። እንደሱ የምወደው የለም። ያን ተረት የተረተው ሰው መቼም በር ላይ መኪና ፈትቶ መሆን አለበት። ሐጂ ቁጭ ብለው ይሰቅላሉ፤ እኔ አጎንብሼ አወርዳለሁ። "ያንን ምታው!" "ይኼን ሳበው!" ሸራዎቹን ዲስኩ ላይ የሚጨምቀውን ካሊፐር ስፈታው ደግሞ የባጃጁ ልጅ "ልቀቀው፣ ይንጠልጠል" አለ። በፍሬን ዘይት ቱቦዋ ይንጠልጠል? ቱቦዋ ብትጎዳ እሱ ሊነዳው ነው? በሽቦ አሰርኩት። ያን ሁሉ ሰው ሽቦ አቀብሉኝ ብል የተነቃነቀ የለም።

እዚህ ላይ ቀልዱን ልተወው። አንዱ "የግራውን ብቻ ቀይር፤ ቀኙ ገና ነው፤ ለምን ብር ታባክናለህ?" አለ። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። ሸራ በጥንድ ነው የሚቀየረው። ግራና ቀኙ እኩል ካልያዘ መኪናው ፍሬን ሲያዝ ወደ አንድ ጎን ይስባል። ከአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት፣ ከጅሬን ወደ ከተማ ስትወርድ፣ አስፋልቱ እርጥብ ሆኖ፣ ፊት ለፊትህ ተማሪ እየተሻገረ፣ ወዴት እንደሚስብህ አስበው። ይኼ ምክር ሰው ይገድላል። መካሪው ግን መክሮ ሲያበቃ ቡና ሊጠጣ ይገባል። ነገ አደጋ ቢደርስ ደግሞ "እኔ ነግሬው ነበር" ለማለት ማንም አይቀድመውም።

የሆነው ሆኖ ሸራውን የሚጫነውን ፒስተን ወደ ውስጥ ገፋሁ። አዲሱን ሸራ አስገባሁ። ቀኙንም እንዲሁ። ገብቼ ፍሬኑን ስረግጠው ፔዳሉ ወለል ነካ። "ይኸው! አበላሸው!" አሉ በአንድ ድምፅ። እንዲህ ደስ ብሏቸው አይቼ አላውቅም። ፒስተኑ ከተገፋ በኋላ የመጀመሪያው ርግጫ ባዶ መሆኑ ያለ ነው። ደጋግሜ ስረግጠው ጠነከረ።

"በሉ ግቡ፣ አንድ ዙር እንሞክረው" አልኩ።

ሐጂ ሶላት ደርሶባቸዋል። እትዬ ምድጃ ላይ ወጥ ትተዋል። የባጃጁ ልጅ ተሳፋሪ ታየው። ተማሪው "ፈተና አለብኝ" አለ፤ ግቢው ከተዘጋ እኮ ሰንብቷል! የሊቀ ምክር ጉባኤው ዓይኔ እያየ ተበተነ። ያ ጎረቤቴ ብቻ ቀረ።

"አንተ ሂድ ሞክረው" አለኝ፤ "ክሪኩን እኔ አስቀምጥልሃለሁ።"

ፍሬኑ አሪፍ ይዟል። ክሪኩን ግን ከቅዳሜ ወዲህ አላየሁትም።