ለኤቨረስት ግርጌ ጉዞ 12 ቀን አይበቃም

በኔፓል ዋና ከተማ ካትማንዱ ያሉ አስጎብኚ ድርጅቶች ወደ ኤቨረስት ቤዝ ካምፕ፣ ማለትም ተራራ ወጪዎች ወደሚሰፍሩበት የግርጌ ሰፈር፣ የሚደረገውን የእግር ጉዞ አብዛኛውን ጊዜ የሚሸጡት በ12 ቀን ነው። ዋጋ ለመቀነስ ሲሉ ወደ 10 ቀን የሚያወርዱትም አሉ። ደንበኛው የዓመት ፈቃዱን ቆጥሮ አጭሩን ይመርጣል፤ ከዚያም ስለ ጫማና ስለ እንቅልፍ ከረጢት ወር ሙሉ ይጨነቃል። ጫማው ይቆየው። መጀመሪያ መመርመር ያለበት በየትኛው ሌሊት ስንት ሜትር ላይ እንደሚተኛ የሚያሳየው ሠንጠረዥ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1953 የኤቨረስትን ጫፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የረገጡት ኤድመንድ ሂላሪና ቴንዚንግ ኖርጌይ የነበሩበት ቡድን ከካትማንዱ ሸለቆ ተነስቶ ቴንግቦቼ ገዳም የደረሰው ከሁለት ሳምንት በላይ በእግሩ ተጉዞ ነው። እዚያም ሰፍሮ በዙሪያው ባሉ ተራሮች ላይ እየወጣ እየወረደ ሰውነቱን አለማመደ። በ1964 ሂላሪ ዛሬ የእግር ጉዞው በሚጀመርባት በሉክላ ላይ የአውሮፕላን ማረፊያ አሠራ፤ ዓላማው ለኩንዴ ሆስፒታል ግንባታ ዕቃ ማመላለስ ነበር። ዛሬ ያ ማረፊያ መንገደኛውን ከካትማንዱ 1,400 ሜትር አንስቶ 2,860 ሜትር ላይ የሚያወርደው ግማሽ ሰዓት ገደማ በሚፈጅ በረራ ነው። የድሮዎቹ ሳያስቡት ያገኙትን መለማመጃ የዛሬው መንገደኛ አውቆ ካልጨመረው አያገኘውም።

አየር ውስጥ ያለው የኦክስጅን ድርሻ እላይም ታችም ያው 21 በመቶ ነው። የሚቀንሰው ግፊቱ ነው፤ ቤዝ ካምፑ ባለበት 5,364 ሜትር ላይ በባሕር ጠለል ካለው ወደ ግማሽ ይወርዳል። ሰውነት በመጀመሪያ የሚሰጠው መልስ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ ነው። ግን ብዙ ሲተነፈስ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከመጠን በላይ ይወጣና የደሙ አሲድነት ይቀንሳል፤ ይኼኔ አንጎል ትንፋሹን መልሶ ይገታዋል። ኩላሊት አሲድን የሚያረክሰውን የደም ባይካርቦኔት በሽንት አስወግዶ ሚዛኑን እስኪያስተካክል ቀናት ያልፋሉ። የሯጭም ሆነ ቢሮ ውሎ የሚገባ ሰው ኩላሊት በራሱ ፍጥነት ነው የሚሠራው። እንዲያውም ጠንካራ ወጣት ቶሎ ቶሎ ስለሚወጣ ለከፍታ ሕመም ይበልጥ ይጋለጣል። በ2,300 ሜትር ገደማ የሚኖር ሰው የመጀመሪያዎቹ ቀናት ቀለል ሊሉት ይችላሉ፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ግን ያንን ተማምኖ መፍጠን አያዋጣም።

የተራራ ሐኪሞች የሚመክሩት ግልጽ ነው። ከ3,000 ሜትር በላይ የመኝታው ከፍታ በአንድ ሌሊት ከ500 ሜትር በላይ አይጨምር፤ በየ3 ወይም 4 ቀኑ ደግሞ አንድ ቦታ ሁለት ሌሊት ይታደር። ቀን ላይ ከመኝታው በላይ ወጥቶ መመለስ ይፈቀዳል፣ ይጠቅማልም። በዚህ ሲለካ የተለመደው የ12 ቀን ዕቅድ ሁለት ቦታ ላይ ይወድቃል፣ አንድ ቦታ ላይ ደግሞ ጠርዙ ላይ ይቆማል። ከፋክዲንግ (2,610) ናምቼ ባዛር (3,440) በአንድ ቀን 830 ሜትር ነው። ከቴንግቦቼ (3,860) ዲንግቦቼ (4,410) 550 ሜትር ነው። ከዲንግቦቼ ሎቡቼ ደግሞ 500 ሜትር ገደማ፣ ያውም ሰውነት በደከመበት ከፍታ።

መፍትሔው መንደሮቹ ራሳቸው ናቸው። የመጀመሪያውን ሌሊት ከፋክዲንግ አለፍ ብሎ ሞንጆ (2,835) ማደር፤ ወደ ናምቼ ያለው ጭማሪ ከ500 ባይወርድም ከ830 ወደ 605 ሜትር ይቀንሳል። ናምቼ ሁለት ሌሊት ካደሩ በኋላ በቀጥታ ወደ ቴንግቦቼ ከመውጣት ኩምጁንግ (3,790) አንድ ሌሊት መጨመር፤ ሂላሪ በ1961 ያስከፈተው ትምህርት ቤት እዚያ ነው። የመንደሩ ገዳም በሂማላያ ተረት የሚታወቀው ሰው መሳይ ፍጡር፣ የየቲ ነው የተባለ የራስ ቆዳም ያሳያል። በ1960 ወደ ውጭ ተወስዶ ሲመረመር ከተራራ ፍየል መሳይ እንስሳ ቆዳ የተሠራ ሆኖ ቢገኝም መንደሩ አሁንም በክብር ይዞታል። ከቴንግቦቼ ቀጥሎ ፓንግቦቼ ማደር፣ ዲንግቦቼ ሁለት ሌሊት፣ ከሎቡቼ በፊት ደግሞ ቱክላ (4,620) አንድ ሌሊት። እንዲህ ሲሆን የእግር ጉዞው ወደ 15 ቀን ይደርሳል።

የተጨመሩት ቀናት ባዶ አይደሉም። ቴንግቦቼን አብዛኛው ቡድን ሻይ ጠጥቶና ፎቶ አንስቶ ያልፈዋል። በ1916 የተመሠረተው ይህ ገዳም በ1934ቱ የመሬት መንቀጥቀጥ ፈርሷል፣ በ1989 ደግሞ ከኤሌክትሪክ በተነሳ እሳት ተቃጥሎ እንደገና ተሠርቷል። እዚያ ያደረ ሰው መነኮሳቱ ሲጸልዩ ከዳር ተቀምጦ መከታተል ይችላል። ጫማና ኮፍያ ይወልቃል፤ እግር ወደ መሠዊያው አይዘረጋም፤ ውስጥ ፎቶ የሚነሳው ተጠይቆ ነው። መንገድ ላይ ጸሎት የተቀረጸባቸው የማኒ ድንጋዮችና ስቱፓ የሚባሉ የቡድሂስት ቅዱስ ሕንጻዎች ሲያጋጥሙ ምንጊዜም በስተቀኝ እንዲሆኑ አድርጎ ማለፍ ነው፤ በአቋራጭ በኩል የሚያልፍ እንግዳ የአገሬውን ሰው ያስቀይማል። ያክ (ጭነት የሚሸከም ጸጉራም የተራራ በሬ) ሲመጣ ደግሞ በተራራው በኩል ተጠግቶ መቆም ግድ ነው። በገደሉ በኩል የቆመ ሰው በጭነቱ ተገፍቶ ሊወድቅ ይችላል።

ቀስ ብሎ የወጣም ሊታመም ይችላል። ራስ ምታት ከማቅለሽለሽ፣ ከምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ከድካም ወይም ከማዞር ጋር ከመጣ ሌላ ምክንያት እስኪገኝለት ድረስ የከፍታ ሕመም ነው ተብሎ ይወሰዳል፤ ያ ሰው በዚያ ቀን ወደ ላይ አይሄድም። የሚያስፈራው ከዚህ በኋላ ያለው ነው። የተጠራጠሩትን ሰው በማረፊያው ወለል ላይ የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው ጣት እያስነኩ ቀጥ ባለ መስመር ማስኬድ ነው። ከተንገዳገደ አንጎሉ እያበጠ ሊሆን ይችላል። ተቀምጦም ትንፋሽ የሚያጥረውና የሚያስለው ከሆነ ሳንባው ውስጥ ፈሳሽ እየገባ ነው ብሎ መጠርጠር ይገባል። ለሁለቱም ሌሊትም ቢሆን ሰው ደግፎት መውረድ አለበት፤ ብዙውን ጊዜ ከ300 እስከ 1,000 ሜትር ሲወርድ ለውጥ ይታያል። “እስኪነጋ እንየው” የሚባለው ነው ሰው የሚገድለው።

አሴታዞላማይድ፣ በገበያ ስሙ ዳያሞክስ፣ ከመውጣት አንድ ቀን በፊት ጀምሮ 125 ሚሊግራም በቀን ሁለቴ ሲወሰድ መለማመዱን ያፋጥናል። ጣት ያደነዝዛል፣ ሽንት ያበዛል፣ የለስላሳ መጠጥ ጣዕም ያበላሻል፤ የሰልፋ መድኃኒት አለርጂ ያለበት ሰው ሐኪሙን ሳያማክር አይውሰደው። ክኒኑ የተዘለለን ሌሊት አይተካም። የእንቅልፍ ኪኒንና አልኮል ደግሞ በሌሊት ትንፋሽን ስለሚያዳክሙ ቢቀሩ ይሻላል። ፌሪቼ ላይ በ1973 የተቋቋመው የሂማላያ ነፍስ አድን ማኅበር ክሊኒክ አለው፤ በጉዞ ወቅት ስለ ከፍታ ሕመም ለመንገደኞች ገለጻ ይሰጣል። የፌሪቼና የዲንግቦቼ መንደሮች ጎረቤታሞች ስለሆኑ የዕረፍቱን ቀን ለዚህ ማዋል አያስቸግርም።

ስለ ተሸካሚዎች ብዙ ጊዜ የሚረሳ ነገር አለ። ሁሉም ከፍታውን የለመዱት የአካባቢው የሸርፓ ሕዝብ ተወላጆች አይደሉም፤ ብዙዎቹ ከቆላ መንደር የመጡ ገበሬዎች ስለሆኑ ከፍታው እንደ እንግዳው ያማቸዋል። ከወረዱ ክፍያቸው ስለሚቀር ደግሞ ሕመማቸውን ይደብቃሉ። ውል ከመፈረም በፊት ድርጅቱን መጠየቅ የሚያስፈልገው አንድ ተሸካሚ ስንት ኪሎ እንደሚይዝ (ከ30 ኪሎ መብለጥ የለበትም)፣ የት እንደሚያድር፣ ቢታመም ክፍያው ይቀጥል እንደሆነና መድን እንዳለው ነው። መልሱ ከተድበሰበሰ ሌላ ድርጅት መፈለግ ነው።

በመጨረሻ ላይ ሁለት ትርፍ ቀን ይቀመጥ። የሉክላ ማኮብኮቢያ 527 ሜትር ብቻ ነው፣ ያውም ዳገት፤ ደመና ከወረደ በረራ ለቀናት ይቆማል። በጥቅምትና በኅዳር፣ እንዲሁም በፀደይ ወቅት አብዛኛው በረራ ከካትማንዱ ሳይሆን የበርካታ ሰዓት የመኪና መንገድ ካላት ከማንታሊ ስለሚነሳ ያም ይታሰብ። መድኑ የሄሊኮፕተር ማንሳትንና ቢያንስ እስከ 6,000 ሜትር ያለውን ከፍታ በስም የሚሸፍን መሆን አለበት። የኔፓል መንግሥት በ2018 ባደረገው ምርመራ ለቀላል ሕመም ሄሊኮፕተር እየጠሩ ከመድን ድርጅቶች ገንዘብ የሚቀበሉ መኖራቸው ተደርሶበታል። ቀላል ራስ ምታት ለያዘው ሰው ወዲያው ሄሊኮፕተር ልጥራ የሚል መሪ ካጋጠመ መጀመሪያ በእግር ወይም በፈረስ መውረድ ይቻል እንደሆነ መጠየቅ፣ ከዚያም የመድን ድርጅቱን የድንገተኛ ቁጥር ራስ መደወል ያስፈልጋል፤ ቁጥሩም ወረቀት ላይ ተጽፎ በኪስ ይያዝ፣ በብርድ የስልክ ባትሪ ቶሎ ያልቃልና።