ራሴን ላገኝ ስል ሰው አገኘኝ

ባሕር ዳር ላይ መጽሐፍ አዟሪ ፊት አይቶ ነው የሚሸጥልህ። እስከ አገጩ የደረሰ ቁልል ታቅፎ ጣና ዳር ያሉትን ካፌዎች ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ይዞራል። ጥንድ ሆነው ለተቀመጡ የፍቅር፣ ከረባት ላሰረ የሀብት፣ ብቻውን ማኪያቶ ለያዘ ደግሞ ራስን ስለማግኘት የሚያወራውን ይመዝዛል። እኔን አየት አደረገኝና «ጋሼ፣ ለእርስዎ የሚሆነው ይሄ ነው» ብሎ ቁጣን ስለመቆጣጠር የተጻፈውን ሰጠኝ። ተናደድኩ። ከዚያ ገዛሁት።

ጓደኞቼ በእንዲህ ዓይነት መጻሕፍት ይስቃሉ። እኔ መሳቅ አልችልም፣ መደርደሪያዬ ሞልቷል። ማለዳ ስለመነሳት፣ ስለ ገንዘብ፣ ስለ ዝምታ፣ እምቢ ስለማለት አንብቤያለሁ። ምክሩስ ባልከፋ። የተጻፈለት ሰው ግን ባሕር ዳር የሚኖር አይመስለኝም። ያ ሰው ጎረቤት የለውም። አክስት የለውም። ዕድር የለበትም። በሩን ሲዘጋ፣ በቃ ይዘጋለታል።

«ለብቻህ የምትሆንበት ሰዓት ይኑርህ» የሚለውን ምዕራፍ እንውሰድ። አንድ ቅዳሜ ስልኬን ቤት ትቼ ሐይቁ ዳር ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። ዓይኔን ጨፍኜ ትንፋሼን ማዳመጥ ጀመርኩ። መጀመሪያ ፎቶ አንሺ መጣ። ቀጥሎ ጀልባ ነጂ። «ዘጌ እንሂድ? ክብራን ገብርኤል? ጉማሬ ላሳይህ?» ምንም አልፈልግም አልኩት። ምንም የማይፈልግ ሰው ገጥሞት አያውቅም መሰለኝ አጠገቤ ቁጭ አለ። «ወንድምዓለም፣ ምን ሆነህ ነው?» ራሴን እየፈለግሁ ነው አይባል ነገር! «አየር እየወሰድኩ ነው» አልኩት። አላመነኝም። ለውዝ የሚሸጠውን ልጅ ጠራና ሁለቱም ይጠብቁኝ ጀመር። ለውዙን ገዝቼ ተነሳሁ።

ለካ በዚያ ስታልፍ ያየችኝ የሰፈር ሰው ነበረች። ቤት ስደርስ አከራዬ በር ላይ ቆመዋል። እትዬ ነው የምላቸው። «ልጄ፣ ትታህ ሄደች አሉ!» የሄደች የለችም። የመጣችም የለችም። እትዬ ግን ቡና አፈሉ፣ ጎረቤት ጠሩ፣ ያልነበረችውን ሴት እስኪመሽ ሲያሟት ቆዩ። ስግብግብ ነች ተባለ። ድሮም ዓይኗ አላማረኝም ያለችም አለች። በመጨረሻ ጠበቃ የቆምኩላት እኔው ነኝ።

ለብቻው መሆን ለሚሻ ሰው ጣና ላይ ቦታ ሳይጠፋ ነው። 37 ደሴቶች አሉ ይባላል። በብዙዎቹ ላይ መነኮሳት ከዓለም ሸሽተው ገዳም ተክለዋል። እነሱንም ቱሪስት በጀልባ እየተከተለ ፎቶ ያነሳቸዋል። ክብራን ገብርኤል ሴት አይገባም፤ እትዬ የማይደርሱብኝ ቦታ እሱ ብቻ ይመስለኛል።

የመስታወቱ ምክር ደግሞ አለ። ጠዋት ጠዋት መስታወት ፊት ቆመህ «እኔ ብርቱ ነኝ፣ ሀብት ወደ እኔ እየመጣ ነው» በል ይላል። የእኔን ክፍል ከእትዬ ሳሎን የሚለየው ቺፑድ ነው። በሳምንቱ በሃይላንድ ጠበል ይዘው መጡ። «የሚያስለፈልፍህን ነገር ያርቅልህ» ብለው ረጩኝ። በወሩ ኪራይ ጨመሩ። ሀብት እየመጣ መሆኑን በጆሯቸው ሰምተዋላ!

እምቢ ማለትንም ሞክሬያለሁ። ድንኳን ተከላ ቀረሁ። ደራሲው ድንበርህን አስከብር ይላል፤ የዕድራችን ጸሐፊ ደግሞ ደንቡን ያስከብራል። ቅጣቴን ከፈልኩ። «ጉልበትህን ከሚያሟጥጡ ሰዎች ራቅ» የሚል ምክርም አለ። እነማን ናቸው ብዬ ስም ዝርዝር አወጣሁ። ከእነዚህ ሁሉ ብርቅ የሚቀብረኝ የለም።

ነገሩ የዛሬ ፋሽን አይምሰላችሁ። ስኮትላንዳዊው ሳሙኤል ስማይልስ «ሰልፍ ሄልፕ» የተሰኘውን መጽሐፉን ያሳተመው በ1859 እ.ኤ.አ. ነው። ያኔ የቋራው ካሳ ኃይሉ ቴዎድሮስ ተብለው ከነገሡ አራት ዓመት አልፏል። «የኮሶ ሻጭ ልጅ» የተባሉት ሰውዬ በራስ ስለመተማመን ማንም መጽሐፍ አላዞረላቸውም። ስድቡ ሳይጠቅማቸው አልቀረም ባይ ነኝ።

ራስን ስለመመርመር ከተጻፈው ሁሉ እኔን የሚይዘኝ ሐተታ ዘዘርዐ ያዕቆብ ነው። ማን ጻፈው በሚለው ሊቃውንት ይከራከራሉ፤ እነሱው ይጨርሱት። ባለታሪኩ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን ይሸሽና ተከዜ አካባቢ ዋሻ ይገባል። ሁለት ዓመት ለብቻው ያስባል፣ ይጸልያል። አንድም ለውዝ ሻጭ አልመጣበትም። ንጉሡ ሲሞቱ ይወጣና እዚሁ እኛው ዘንድ፣ ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ወዳለችው እንፍራንዝ ይመጣል። ያን ሁሉ አስቦ ሲያበቃ የገባው ሰው ቤት ነው። ሀብቱ ለሚባል ባለጸጋ መጽሐፍ ይጽፋል፣ ልጆቹን ያስተምራል፣ ኂሩት የምትባለውን የቤቱን አገልጋይ ያገባል። የዛሬ ሰው ቢሆን ከዋሻው ሳይወጣ ሥልጠና ይከፍት ነበር፤ በነፍስ ወከፍ ሁለት ሺህ ብር፣ ሻይ ቡናን ጨምሮ።

በቅርቡ የገዛሁት መጽሐፍ ከኋላው ባዶ ገጾች አሉት። ከላይ «የሕይወቴ ግቦች» ይላል። እኔ ምን እንደምጽፍ ሳሰላስል ከረምኩ። እትዬ ወረቀት ቢያጡ ወሰዱት። ሲመልሱልኝ ገጹ ሞልቷል። ሽንኩርት አምስት ኪሎ። ለማኅበሩ ጠላ ጌሾ። እሁድ ድንኳን ተከላ፣ ልጁ እንዳይቀር። ከሁሉም በታች፣ ሁለቴ ተሰምሮበት፦ «ለልጁ ሚስት ይፈለግ። እንደ ያችኛዋ ያልሆነች።»